ለኤክስፕሌን የመጀመሪያውን ሃንጋር የሠራሁባቸው መሣሪያዎች

መሣሪያ የመረጥኩት ከመጨረሻው ተነሥቼ ነው፤ የበረራ ሲሙሌተሩ (በኮምፒውተር አውሮፕላን የምናበርበት ፕሮግራም) የሚቀበለው ፋይል የትኛው ነው? ኤክስፕሌን የተባለው ሲሙሌተር ኦቢጄ የሚባል የራሱ የፋይል ዓይነት አለው፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ጂኤልቲኤፍ ይፈልጋል፣ ፍላይትጊር ደግሞ ኤሲ የሚባለውን ይጠቀማል። «የትኛው ፕሮግራም ይቀላል?» ብሎ የተነሣ ሰው ሕንፃውን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሲሙሌተሩ የሚያስገባበት መንገድ ያጣል።

ኤክስፕሌንን የመረጥኩት ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ነው፤ ሲበላሽ በኖትፓድ ከፍቼ ማየት እችላለሁ። የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ቅርጹን ለመሥራት ብሌንደር፣ ከብሌንደር ወደ ኤክስፕሌን የሚልከው ኤክስፕሌንቱብሌንደር የተባለው አድኦን (ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ ለቴክስቸር፣ ማለትም ቅርጹን ለሚያለብሰው ምስል፣ ጂምፕ፣ ዕቃውን መሬት ላይ ለማስቀመጥ ደግሞ ዌድ እየተባለ የሚጠራው ወርልድኤዲተር።

ሌላውን የቅርጽ መሥሪያ፣ ስኬችአፕን፣ ሞክሬ ተውኩት። ግድግዳ መጎተትና መግፋት በአንድ ሰዓት ይለመዳል፤ በዚህ በኩል አይታማም። ችግሩ እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ምስል ይዞ መምጣቱ ነው። የኤክስፕሌን ኦቢጄ ደግሞ የሚሸከመው አንድ የቀን ቴክስቸር ብቻ ነው። አሥር ምስል ያለው ሕንፃ አሥር ኦቢጄ ይሆናል፤ አለዚያ ሁሉንም ወደ አንድ ምስል መልሶ ማጠፍ ይጠይቃል፤ እሱ ሥራ ከመጀመሪያው ብሌንደር ከመማር አይቀልም። ጂማክስ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎችን እለፏቸው፤ እሱ ለድሮዎቹ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተሮች ነው፣ እድገቱም ከቆመ ቆይቷል።

ብሌንደርን ከማውረዳችሁ በፊት አድኦኑ የትኛውን የብሌንደር ቅጂ እንደሚደግፍ አንብቡና ያንኑ አውርዱ። አዲሱን ቅጂ ቀድሞ መጫን የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ አድኦኑ ይጫናል፣ ወደ ውጭ ሲልክ ግን ይወድቃል። በዚፕ የሚወርደው ብሌንደር ከሌላ ቅጂ ጋር ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ያለውን ማጥፋት አያስፈልግም።

ሃንጋሩን 30 ሜትር ወርድ፣ 24 ሜትር ጥልቀት፣ 7 ሜትር የግድግዳ ከፍታ ሰጠሁት፤ የጣሪያው አናት 9.5 ሜትር ላይ ነው። ግድግዳውን ከዜሮ በታች 1 ሜትር አወረድኩት፤ ኤክስፕሌን የዕቃውን ከፍታ የሚወስደው ከመነሻ ነጥቡ ሥር ካለው መሬት ስለሆነ፣ አለዚያ ተዳፋት ላይ አንዱ ጥግ አየር ላይ ይንሳፈፋል። መነሻ ነጥቡን ወለሉ መሐል ላይ አደረግሁት። ኪዩቡን ካሰፋሁ በኋላ ኮንትሮልን ከኤ ጋር ተጭኜ ስኬሉን አጸደቅሁ። ይህ ከተዘለለ ብሌንደር ቅርጹን አሁንም የመጀመሪያው ኪዩብ ነው ብሎ ምስሉ ላይ ይዘረጋዋል፣ ቆርቆሮውም ተለጥጦ ይወጣል። ቀጥሎ ኮንትሮልን ከአር ጋር ተጭኜ መሐሉን ቆረጥኩ፣ የላይኛውን መስመር 2.5 ሜትር አነሣሁ፣ የማይታየውን ወለል ሰረዝኩ። የቀረው 16 ትሪያንግል ነው። ከሩቅ ለሚታይ ሃንጋር ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልግም።

ልፋቱ ያለው ቴክስቸሩ ላይ ነው። ምስሉ 2048 በ2048 ፒክስል ሲሆን ለአንድ ሜትር 44 ፒክስል መደብኩ። የፊትና የኋላ ግድግዳ እያንዳንዳቸው 1320 በ462 ወጡ፤ የጣሪያው አንድ ወገን 1056 በ669፣ የጎን ግድግዳው 1056 በ352። ሁለቱን የጣሪያ ወገኖች አንድ ቦታ ላይ ደረብኩ፣ የጎን ግድግዳዎቹንም እንዲሁ። ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ 1945 ፒክስል ይፈጃሉ፤ የተረፈውን 103 በየመሐሉ ክፍተት አደረግሁት፣ ቀለሙንም ከጠርዙ ጥቂት አሳለፍኩት። ሲሙሌተሩ ከርቀት የሚያሳየው የምስሉን ትንንሽ ቅጂዎች ስለሆነ፣ የተጣበቁ ክፍሎች ቀለማቸው እርስ በርስ ይደባለቃል። በስተቀኝ የቀረው 728 ፒክስል ለአሸንዳና ለበርሜል ይበቃል።

ቆርቆሮው ራሱ ትምህርት ነበር። 76 ሚሊሜትር የሆነውን የቆርቆሮ ሞገድ በልኩ ብስለው በዚህ ጥራት ለአንድ ሞገድ የሚደርሰው ሦስት ፒክስል ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ሲቃረብ ጣሪያው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሞገዱን ወደ 25 ሴንቲሜትር አሰፋሁት፤ ልኩ ውሸት ነው፣ ለዓይን ግን እውነት ይመስላል።

ወደ ውጭ ከመላኬ በፊት ፌስ ኦሪየንቴሽን የሚለውን ማሳያ አበራሁ። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ሰማያዊ መሆን አለበት። ቀይ የሆነ ገጽ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ሲሙሌተሩ የገጽን አንድ ወገን ብቻ ስለሚስል ግድግዳው ቀዳዳ ይመስላል። ሁሉንም መርጦ ሺፍትን ከኤን ጋር መጫን አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። የስም ሰሌዳን ከግድግዳ በ1 ሴንቲሜትር አርቆ መለጠፍም አያዋጣም፤ ከርቀት ሁለቱ ገጾች እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሰሌዳውን ቴክስቸሩ ላይ ሣሉት።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ቀጥሎ ነው። ብሌንደር ሁለት ኦቢጄ ይልካል፤ አንዱ ዌቭፍሮንት፣ ሌላው አድኦኑ የጨመረው የኤክስፕሌን ኦብጀክት። የፋይል ቅጥያቸው አንድ ስለሆነ በስም አይለዩም። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት፤ የመጀመሪያው መስመር አይ ወይም ኤ የሚል አንድ ፊደል፣ ሁለተኛው 800፣ ሦስተኛው ኦቢጄ ከሆነ ትክክለኛው ነው። መስመሮቹ በቪ እና በኤፍ የሚጀምሩ ከሆነ ዌቭፍሮንት ነውና ኤክስፕሌን አይቀበለውም። አድኦኑ ጨርሶ ምንም ፋይል ካላወጣ ደግሞ ብሌንደር ውስጥ ሃንጋሩን የያዘው ቡድን፣ ኮሌክሽኑ፣ ሩት ተብሎ ምልክት አልተደረገበትም ማለት ነው።

ዌድ ውስጥ የኤክስፕሌንን ፎልደር ካሳየሁት በኋላ አዲስ ጥቅል ከፈትኩ፤ ጥቅሉ ከስተም ሲነሪ ውስጥ ይቀመጣል። ኦቢጄውንና ፒኤንጂ ምስሉን እዚያው ጥቅል ውስጥ ባለ አንድ ንዑስ ፎልደር ጨመርኩ። ከዚያ የሳተላይት ምስል አብርቼ ሃንጋሩን ከማቆሚያው ጠርዝ ጋር አስተካከልኩት። ዛፍ ጣሪያውን ሰንጥቆ ከወጣ በቦታው ላይ ኤክስክሉዥን፣ ማለትም ዛፍ እንዳይበቅል የሚከለክል ክልል፣ መሣል ነው።

ሕንፃው ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ጨርሶ ካልታየ መገመት አያስፈልግም። በኤክስፕሌን ዋና ፎልደር ውስጥ ሎግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለ፤ የጥቅሉን ስም ፈልጉበት፣ ያጣውን ምስል ከነመንገዱ ይጽፋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ምስሉ ከኦቢጄው አንጻር ሌላ ቦታ መቀመጡ ነው።

ሥዕሉ እስኪያልቅ ድረስ በፒኤንጂ ቆየሁ። 2048ቱ ምስል ሳይታመቅ 16 ሜጋባይት ይይዛል፤ ዲዲኤስ በሚባለው የምስል ፋይል፣ ዲኤክስቲ1 በተባለው የማመቂያ ዘዴ ሲታመቅ 2 ሜጋባይት ይሆናል። ማመቁ ግን ጥራት ስለሚቀንስ ዋናውን የጂምፕ ፋይል ለብቻው አስቀምጫለሁ። የሌሊቱ ቴክስቸር የተለየ ሥራ የለውም፤ ያንኑ ምስል ገልብጬ ሁሉን ጥቁር ካደረግሁ በኋላ መብራት የሚበራበትን መስኮትና የበሩን አናት ብቻ ቀለም ሰጠሁ፣ በስሙ መጨረሻም ሊት የሚለውን ቅጥያ ጨመርኩ።