ቤት የሚጠብቅ ሰው

ዛሬ ባትሪው መጣ። በጉጉት ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው፣ ደስም ብሎኛል፣ ግን ከሰዓት ጀምሮ የሆነ ነገር ከብዶኛል፣ ምን እንደሆነ ለራሴም በደንብ አልገባኝም። ዝናቡም ሊሆን ይችላል። ሐምሌ ላይ ባህር ዳርን ታውቋታላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ልብስ ታሰጣና ከሰዓት በጣና በኩል ደመናው ተነስቶ ሁሉንም ነገር ያጠቁረዋል። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፣ እኔ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ምጽፈው፣ ዝናቡ ላሜራውን እየደበደበው፣ አዲሱ መብራት በርቶልኝ።

አባዱላዋ ያው አባቴ ሰው እየጫነ እኛን ያሳደገባት ናት፣ እሱ ካረፈ በኋላ እንሽጣት ተብሎ ነበር፣ ማናችንም አልጨከንንም። አሁን የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው ወለሏ ኮምፔንሳቶ ለብሷል፣ ግራና ቀኝ ከስራቸው ሳጥን የሆኑ መቀመጫዎች አሉ፣ ማታ መሀሉ ላይ ጣውላ ሲገባበት አልጋ ይሆናል። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ መብራትም ቧንቧም በሌለበት ቦታ ከነልጆቻችን ሁለት ሶስት ቀን ታሳድረን ነው። ውጭ ያሉት ካራቫን የሚሉት ማለት ነው፣ እነሱ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ቤት አላቸው፣ እኛ ያለችንን ነው የምናስተካክለው።

ስለ ባትሪው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልጻፈው። የመኪናዋ የራሷ ባትሪ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ባንዴ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው በዲናሞው ለመሞላት፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ቻርጀር ብትሰኩበት ጠዋት መኪናዋ አትነሳም፣ ደጋግማችሁ ካደረጋችሁትማ ባትሪውም አለቀለት። ለዚህ ነው የቤቱ ባትሪ ለብቻው የሚሆነው። የድሮው አይነት ሌድ አሲድ ደግሞ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፣ ሊቲየሙ ግን 80 ፐርሰንቱን ብትጠቀሙበትም ምንም አይለው። የኔው ሊቲየም 12 ቮልት ይባላል እንጂ 12.8 ነው፣ 100 አምፔር ሰዓት፣ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ዋት ሰዓት ማለት ዕቃው የሚበላው ዋት በሚሰራበት ሰዓት ሲባዛ ነው። አራት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አምስት ሰዓት ቢበራ የሚበላው 100 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ የሁላችን ስልክ ተደምሮ ደግሞ ከዛ ያንሳል። ፖርቶመጋላው ላይ ያሰርኩት ሶላር 200 ዋት ይላል ግን 200 የሚሰጠው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፣ በበጋ ጥሩ ቀን ሲሆን የሚባክነው ተቀንሶ ባጠቃላይ 700 ዋት ሰዓት አካባቢ ይሰበስባል፣ እንደዛሬው ባለ ቀን ግማሹንም አያመጣም። ገመዱ ወፍራም መሆን አለበት ምክንያቱም ቮልቱ ትንሽ ሲሆን አምፔሩ ይበዛል፣ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ፊውዙም ባትሪው አፍንጫ ስር ነው የሚቀመጠው፣ ራቅ ካለ በባትሪውና በፊውዙ መሀል ያለው ገመድ ከላሜራው ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩን የሚያቆመው የለም፣ እሳት ነው። ልጆች የሚተኙበት መኪና ስለሆነ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ባለቤቴ ገና ሲጀመር የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ነው፣ «እንጀራስ?» ልክ ናት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፣ ያንን ከ12 ቮልት ባትሪ ላውጣ ብትሉ 290 አምፔር አካባቢ ነው፣ ይሄ ባትሪ ደግሞ ከ100 በላይ ሲጠየቅ ራሱን ይዘጋል። እሺ እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይሄዳል፣ ግን ሶስተኛው ቀን ላይ መሻገት ይጀምራል፣ ስለዚህ ፍሪጅ እንግዛ ተባለ፣ ትንሿ የመኪና ፍሪጅ ራሷ በቀን ወደ 500 ዋት ሰዓት ትበላለች፣ ስለዚህ ሁለተኛ ሶላር፣ ስለዚህ ሁለተኛ ባትሪ። እኔና እሷ ሳምንቱን ሙሉ ይሄንን ስንከራከር ነው የከረምነው።

እማ ደጃፉ ላይ ሰፌዷን ይዛ ምስር ስትለቅም ትሰማን ነበር። ቀና ሳትል እንዲህ አለች፣ «ልጄ፣ ስንቅ ከመቼ ወዲህ ነው ፍሪጅ የሚፈልገው?»

ዝም አልን ሁለታችንም። ከዛ ምስሩን እየለቀመች መቁጠር ጀመረች፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ለልጆቹ ጭኮ። ድርቆሹ ቁሌት ላይ ሲፈተፈት በአስር ደቂቃ ምሳ ነው፣ በሶው እሳትም አይፈልግ፣ ውሃና ትንሽ ጨው፣ ማር ካለም ማር። አንዱም አይበላሽም፣ አንዱም ዋት አይበላም። ፍሪጁን ስናወጣው ሂሳቡ ሁሉ ተገለበጠ፣ የቀን ፍጆታችን 200 ዋት ሰዓት እንኳን የማይሞላ ሆነ፣ ማለትም ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣም አንድ ባትሪ አራት አምስት ቀን ያቆየናል። ለፍሪጁ የለካሁት ቦታ ላይ አሁን ጀሪካኖቹ ቁጭ ብለዋል። ይሄን መፍትሄ ስንት ቪዲዮ ሳይ አላገኘሁትም፣ ደጃፌ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ውሃው እንግዲህ ሌላው ራስ ምታት ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ካልን ስድስት ሰው 30 ሊትር፣ ለሶስት ቀን 90፣ ይሄ 90 ኪሎ ነው፣ ጣሪያ ላይ ከተጫነ መኪናዋ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፣ ስለዚህ ወለል ላይ፣ ጎማዎቹ መሀል። «ጣና አጠገብ እያደራችሁ ውሃ ትሸከማላችሁ?» የሚለኝ ሰው አለ፣ አዎ እንሸከማለን፣ የሀይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለበት፣ ልጆቼን እግራቸውንም አላስነክርም። አፍልቶ መጠጣት ይቻላል፣ ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ግን ለጀርሙ በቂ ነው፣ ቢሆንም ለዛ ሁሉ ውሃ ጋዝ ማቃጠል ነው። ለወባው ደግሞ በተንሸራታቹ በር ልክ አጎበር ተሰፍቷል፣ ከስር ትናንሽ ማግኔት ገብቶበት በሩ ላይ ለጥ ይላል። እማ ናት የሰፋችው፣ በእጇ፣ ስፌቱ ከማሽን ይበልጣል።

ከእማ ጋር ያልተስማማነው በከሰሉ ብቻ ነው። ቡና በጋዝ ቡና አይደለም ትላለች፣ እኔም አምናለሁ፣ ግን ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም አልኳት። «በሩን ከፍቼ እኮ ነው» አለች። እማ፣ የከሰል ጭስ የሚገድለው በመሽተቱ አይደለም፣ የሚገድለው ጋዝ ጭራሽ አይሸትም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ነው ሚሄደው፣ በየክረምቱ ብርድ ነው ብለው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ስንቱ ቤተሰብ ነው ያለቀው። ደንገጥ ብላ ሰማችኝ። ከዛ በጎን በኩል ሸራ እንዲወጠር ተስማማን፣ ምድጃውም ረከቦቱም ከሸራው ስር ውጭ ይሆናል። ለሲሊንደሩም ቢሆን ሳጥኑ ወለል ላይ ቀዳዳ በስቼለታለሁ፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈተልክ ወደታች ነው ሚሄደው፣ መውጫ ካላገኘ እግራችን ስር ይጠራቀማል።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደጻፍኩ አላውቅም፣ ለማለት የፈለግኩት ሌላ ነበር።

ዛሬ ባትሪውን ካሰርን በኋላ መብራቱ ሲበራ ልጆቹ ጮሁ፣ እማም ልታይ መጣች። በሩ ስር ዝቅ ያለ መርገጫ አስበይጄ ነበር፣ ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ለማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። እግሯን አስቀደመች፣ የበሩን ዳር ያዘች፣ ገባች። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፣ የአጎበሩን ጫፍ ስባ ስፌቷን አየችው፣ መብራቱን ቀና ብላ አየች። «ለልጆቹ ይመቻል» አለች። ትንሿ ልጄ «እማማ አንቺ የት ነው ምትተኚው?» ስትላት ሳቀችና «እኔማ ቤት እጠብቃለሁ» አለች።

በቃ ይሄ ነው። ሌላ ምንም አልተባለም። ወርዳ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

እኔ ግን ከዛ ሰዓት ጀምሮ የእማን «ቤት እጠብቃለሁ» ስቆጥር ነው ያመሸሁት። አባቴ ጎንደር ሲያድር ስንቁን ቋጥራ ሸኝታ ቤት ጠበቀች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ዳቦ ቆሎውን ከነፌስታሉ ሻንጣዬ ውስጥ ራሷ ነበረች የከተተችው፣ መናኸሪያ ድረስ አልመጣችም፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል ብላ። እህቴ ስትዳር፣ መልስ ሲጠራ፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ሁሌ አንድ ሰው ቤት መቅረት አለበት ይባላል፣ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ተመክሮበት አያውቅም። ለኪዳነ ምህረት ንግስ ዘጌ በጀልባ ደርሳ ትመጣለች፣ ያውም እዛው በዛው ቀን፣ ማደር የሚባል ነገር የለም። ሁላችንም የሄድንበት ሁሉ የሄድነው እሷ ባደረቀችው፣ በፈጨችው፣ በቆላችው ነው።

እና አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ትዝ ካለኝ ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። እማ ጢስ ዓባይን አይታው አታውቅም። የተወለደችውም ያደገችውም የወለደችውም እዚህ ከተማ ነው፣ ፈረንጅ በአውሮፕላን አቋርጦ የሚመጣበት ፏፏቴ ከቤቷ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛን ግን በትምህርት ቤት ጉብኝት ስንሄድ እንቁላል ቀቅላ፣ እንጀራውን በወጥ ጠቅልላ ሸኝታናለች። ማታ ስመለስ «እንዴት ነው?» ብላኝ ነበር፣ ውሃው እንደ ጭስ ይነሳል፣ ልብሳችን ሁሉ በሰበሰ አልኳት፣ «እሰይ» አለች፣ ልብሱን አውልቃ አሰጣችው። አሁን ሳስበው የእማ ጢስ ዓባይ ያ እርጥብ ሸሚዝ ነው።

ጎርጎራ ድረስ እንሂድ ነበር የኔ ህልም፣ በሀይቁ ወዲያኛው ጫፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት። መንገዱ ሁሌ እንዳሰብከው አይሆንም፣ ለጊዜው ቅርብ ቅርቡን ነው የምናስበው። እና ቅርቡ ጢስ ዓባይ ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሙሉ ነው፣ በጋ ላይ ለኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ ይሳሳል። በድሮው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ዳገትና ድንጋይ ነው፣ ለጉልበቷ አይሆንም፣ ግን ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ዓባይን ተሻግሮ የሚኬድበት አለ፣ ከዛ ወዲያ ሜዳ ነው፣ ቀስ እያለች ትችለዋለች። ይሄን ሁሉ ዛሬ ማታ ነው ያሰብኩት።

ሜትሩን አውጥቼ እንደገና ለክቻለሁ። ታች ያለው አልጋ ላይ ሁለት ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሁለት ልጅ። አምስት። እኛ ስድስት ነን፣ ውሃውን ስናሰላ ስድስት ብዬ ነበር፣ አልጋውን ስሰራ አምስት። ከታች ያለውን ለእማና ለሴቶቹ ትቼ እኔ ሸራው ስር ብተኛ ይሆናል፣ የፊት ወንበሩም አለ፣ ወንበር ላይ ማደር ለኔ አይከብደኝም፣ የሹፌር ልጅ ነኝ። አልጋው አይደለም ችግሩ።

ችግሩ ጥያቄው ነው። «እማ፣ አብረሽን ሂጂ» ብላት መልሱን አውቀዋለሁ፣ ዶሮዎቹ አሉ፣ ግቢው አለ፣ ሌባው አለ፣ እናንተ ሂዱ። ብለምናት ደግሞ ለኔ ብላ ትመጣለች፣ ለኔ ብላ እንድትመጣ አይደለም ምፈልገው። ስትስቅ አይኗን አይቼዋለሁ፣ ፍራሹን ስትጫነውም እጇን አይቼዋለሁ፣ ግን ምን እንደነበረበት መናገር አልችልም። መሄድ እውነት አትፈልግም ወይስ እስከዛሬ ጠይቋት የሚያውቅ ስለሌለ መልሱን አለመደችውም? ደግሞስ ይሄ ቤት ሁለት ቀን ማንም ሳይጠብቀው ቢያድር ምን ይሆናል?