እትዬ ዛሬ የሉም

ለአራት ዓመት ያህል «እትዬ» ነበርኩ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ግን ሥራዬ ነበር፤ ደመወዝም ተከፍሎኛል። በምሠራበት ሳምንታዊ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ የምግብ አዘገጃጀት ዓምድ ነበረ፤ ከግርጌው «እትዬ» የሚል ፊርማ ያርፍበታል። ከእኔ በፊት ዓምዱን የያዘችው ባልደረባችን የተሻለ ሥራ አግኝታ ስትለቅ፣ ዋና አዘጋጁ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እኔ የማውቀው የማጀት ሥራ ሻይ ማፍላትና እንቁላል መጥበስ እንደሆነ ነገርኩት።

«እንግሊዝኛ ታነብ የለም እንዴ?» አለኝ። «ምግብ ነው፤ ማን ይሞታል?»

ሥራው እንዳለው ቀላል ሆነ። ሰኞ አንድ የውጭ አገር አዘገጃጀት እፈልጋለሁ፣ ማክሰኞ እተረጉማለሁ፣ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል። «በተርሚልክ» ሲመጣብኝ አሬራ እላለሁ፤ «ፓርስሊ» ሲመጣብኝ እዘለዋለሁ። የአገራችንን ምግብ ግን እንዳልነካ እጠነቀቅ ነበር። ስለ ጨጨብሳ ወይም ስለ ፈጢራ አንድ ቃል የተሳሳተ ሰው በማግስቱ ስልክ ሲያነሣ ይውላል፤ የሙፊንን ነገር ግን ማን ይጠይቀኛል? ቁርስ ቁርሱን የመረጥኩትም ለዚህ ነበር። ፓንኬክ፣ ሙፊን፣ ብስኩት፣ ሁሉም «ቀላል» ከሚል ርዕስ ጋር። ቀላልነቱን ከየት እንዳወቅሁት ዛሬ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

የሙዝ ኬኩ የወጣው በአንድ የጥር ሳምንት ነው። ቆዳቸው የጠቆረ ሦስት ሙዞች፣ ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ በ180 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ፊቱን አጨማዷል። ፈረንጆቹ የሻይ ማንኪያንና የሾርባ ማንኪያን በአጭሩ ሲጽፉ በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። እኔ አንዲት ፊደል ጨመርኩ፤ አምስት ሚሊ ሊትር የምትይዘው ማንኪያ 15 የምትይዝ ሆነች።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ የበር ጥበቃው ደወለ። «እትዬን የሚፈልጉ አንዲት እናት መጥተዋል» አለኝ፤ ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«እትዬ ዛሬ የሉም በላቸው።»

«ብያቸዋለሁ። እጠብቃለሁ ብለው ተቀምጠዋል።»

ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ወጥተው ሄደዋል ብዬ ስወርድ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ ስድሳን የተሻገሩ ሴት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ። የእትዬ ረዳት ነኝ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ጥበቃው እየሰማ መነጋገሩ ስላሳፈረኝ ወደ ላይ ወሰድኳቸው። ያ ትልቅ ስህተት ነበር፤ ምክንያቱም ጠረጴዛዬ ላይ ግማሹ የተበላ የእንቁላል ሳንድዊች ተቀምጦ ነበር። ሳንድዊቹን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ምንም አላሉም። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ» የምትለዋ መውጫዬ እዚያው ላይ ተዘጋች።

ቋጠሮውን ፈቱት። ውስጡ ኬክ ነበር ልበል? ቀለሙ የተጠበሰ ቡና መስሏል፤ ጠርዙ ቆሞ መሐሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ገብቷል።

«ከደብረ ብርሃን የባለቤቴ ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው መጥተውብኝ ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ ፍርፍር፣ ሁልጊዜ ጨጨብሳ ከምል ብዬ፣ ለቁርሳቸው ይህን የእትዬን ጋገርኩ።»

«አልወደዱትም?»

«ጨረሱት!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንድም ሳያስተርፉ። ትልቁ ወንድምዬው እንዲያውም ጨምሪልኝ አለ። ቢተዉት ኖሮ ምን ነበረበት? ይህ ነገር አልሆነም ብለን ስቀን፣ እንጀራ አቅርቤ ይበሉ ነበር። በይሉኝታ ጨረሱት። እኔ ድስቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ የቀመስኩት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።»

«ይህ ታዲያ...?»

«ይህ ሁለተኛው ነው። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንስ ብዬ ትናንት እንደገና ጋገርኩት። ሰው ላይ ከመናገር በፊት ማጣራት ይገባል።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስንት የሙያ ስብሰባ ተሰብስበናል፤ ነገሩን እንዲህ በአጭሩ የተናገረ ሰው ግን አላስታውስም። እንቁላሉን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ የእኔን ጽሑፍ ከመንቀፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ፈትነውታል። እኔ አንድ ጊዜም አልፈተንኩትም።

«እትዬ ራሳቸው ጋግረውታል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ።»

«ሲጋግሩ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።» ለምን እንዳልኩት እንጃ። አንዴ የተጀመረ ውሸት ተከታይ ይፈልጋል።

«እንግዲያው ቅመስና የእሳቸው እንዲህ እንደሆነ ንገረኝ።» ቢላዋ ይዘው መጥተዋል። ቆረሱና በእጃቸው አጎረሱኝ።

ሶዳ የሚያበርደው ኮምጣጣ ነገር ሲያጣ ምን እንደሚሆን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በምላሴ ተማርኩ። ለአንድ አፍታ የሙዙ ጣፋጭነት ይመጣል፤ ከዚያ እንደ ልብስ ሳሙና ያለ ነገር ምላስን ጨምድዶ ይይዝና ጉሮሮ ውስጥ የቀመሱት ብረት ይመስላል። ዓይኔ አቀረረ። እሳቸው ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሡም።

«እንዴት ነው?»

«ጨው... ትንሽ በርከት ያለበት ይመስላል።»

«ጨው የሚል አልተጻፈም። እኔም አላደረግሁበትም።» ደግሞ ቆረሱ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉና ሁለተኛውን አጎረሱኝ።

ዋጥኩት። እንደ ደብረ ብርሃኖቹ። እንዲያውም ለሦስተኛው አፌን ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያኔ ነው ቢላዋውን ያስቀመጡት። «አይ እናንተ ልጆች» ብለው ቀሪውን ቋጠሩት። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «እኔ ምድጃ በር ያለው፣ ቁጥር ያለው አይደለም ያለኝ። በወፍራም ድስት ከድኜ በኤሌክትሪክ ምጣዴ ላይ ነው የምጋግረው። ይህ 180 ዲግሪ የሚባለው ምጣዴ ላይ የቱ ጋ ነው?»

እትዬን ጠይቄ እደውላለሁ አልኩ።

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አውጥቼ ፊደሏን ያገኘኋት በሁለት ደቂቃ ነው። ለዋና አዘጋጁ ስነግረው እርማቱ እንዲወጣ ፈቀደ፤ «ግን አነስ ባለ ፊደል» አለ። ይህ ሰው የፖለቲካ ገጹን አንድ ነጠላ ሰረዝ ሦስት ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ነው። በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ደግሞ የሴትየዋን መምጣት «ከአንባቢ ጋር ለፈጠርነው ቅርበት» ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ ሰማሁት። አሁን ስለ መረጃ ማጣራት ሥልጠና ይሰጣል ይላሉ። ይቅናው።

እርማቱ ወጣ፤ የሾርባ ማንኪያ የሚለው የሻይ ማንኪያ ተብሎ ይነበብ። ነገሩ አለቀ ብዬ ትምህርቱንም ለራሴ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዋናውን ጽሑፍ ደግመህ አንብብ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«አሁን ሳሙናው ጠፍቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። «መሐሉ ግን አሁንም ይሰምጣል። ለእትዬም ይሰምጥባቸዋል?»

በዚህ ጊዜ አፍሬ እህቴ ቤት ሄድኩ። በር ያለው ምድጃ አላት፤ ቁጥርም አለው። ዱቄቱን ለክቼ፣ የሻይ ማንኪያዋን በቢላዋ ጀርባ አስተካክዬ፣ 180 ላይ አድርጌ ከመስታወቱ ፊት በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አናቱ ቀና ብሎ ወጣ፤ እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሠላሳ አምስተኛው ላይ፣ እያየሁት፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ጋጋሪ የሆነ የሠፈር ልጅ ጋ ሄድኩ። የያዝኩትን ወረቀት ላይ ላዩን አይቶ ሳቀ። «ይህን የጻፈው ሰው ቤቱ ባሕር ዳርቻ ነው፤ አንተ ያለኸው 2,350 ሜትር ላይ ነው» አለኝ። ሊጥ በእጁ እያገላበጠ ነበር ያስረዳኝ። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ያብጣል፤ ሊጡ በስሎ ራሱን ሳይችል ይነፋና ጋዙ ሲያመልጥ የሚደግፈው ስለሌለ ይሰምጣል። ውኃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ሶዳውን በግማሽ ቀንስ፣ ከስኳሩ አንድ ሁለት ማንኪያ አንሣ፣ ፈሳሹን ጨመር አድርግ፣ እሳቱን ከፍ። «ሴትየዋ የት ሠፈር ናቸው?» አለኝ። ከእንጦጦ ግርጌ ስለው «እንግዲያው የእሳቸው ከአንተም ይብሳል» አለ።

ዋናውን ጽሑፍ አንድም ፊደል ሳልስት ብተረጉመው ኖሮም እንግዲህ ስህተት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የባሕር ዳርቻ ቁርስ ለደጋ ሰው ሳቀርብ ከርሜያለሁ። ስንት ሙፊን ሰምጦ፣ ስንቷ ሴት «እጄ አይሆንም» ብላ ተወችው? ደውለው የነገሩኝ አንዲት ናቸው።

ግድግዳው ላይ «ያልተጋገረ አይታተምም» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። በሳምንት ስድስት እንቁላልና አንድ ኪሎ ዱቄት እንዲገዛም ጠየቅሁ። ከግዥ ክፍል የመጣው መልስ አሁንም እቤቴ አለ፤ ለእንቁላሉ ሦስት ፕሮፎርማ እንዳቀርብ ይጠይቃል። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቢጫ እስኪሆን ቆየ። በደመወዜ ሦስት ሳምንት ጋገርኩ፤ በአራተኛው ሳምንት ወሩ ሳይሞላ ደመወዙ አለቀ፤ ወደ ትርጉሜ ተመለስኩ። ብቻ ከዚያ በኋላ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ሲያጋጥመኝ እጄ እየቀነሰ ይጽፋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በእነዚያ አራት ዓመታት ካወጣሁት ሁሉ በሙሉ ልቤ የምተማመንበትን አንድ አዘገጃጀት እኔ ጋግሬው አለማወቄ ነው። ሴትየዋ ናቸው በስልክ ያጻፉኝ። የጋጋሪውን ምክር ልነግራቸው ስደውል እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም።

«ደርሼበታለሁ» አሉ። «አራት ጊዜ ጋገርኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ወረቀት ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ሶዳዋን ከሻይ ማንኪያ ግማሽ። ከስኳሩ ሁለት ማንኪያ አንሣ። ሁለት ማንኪያ አሬራ ጨምርበት፤ አንዲት የኮረሪማ ፍሬም ወቅተህ ጣል፤ ፈረንጁ ይህቺን አያውቃትም። ምጣዱን ቀድመህ ታግላለህ። መጋሉን የምታውቀው ቆንጠር አድርገህ ዱቄት በትነህበት፣ ቀስ እያለ ወርቅማ ከሆነ ነው። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ታበርደዋለህ። እኔ ጋ 180 የምትሉት እሱ ነው።»

«እሺ።»

«ድስቱን ከድነህ አንድ ሰዓት እንዳትነካው። ከዚያ ስንደዶ መሐሉ ላይ ሰክተህ አውጣ። ሊጥ ካልያዘ በስሏል። እንደ ወጣ በትኩሱ እንዳትቆርሰው፤ ይበርድ።»

«እሺ፣ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ስንደዶ ብለህ ጽፈሃል?» አሉኝ። «ክብሪት እንዳትል፤ ድኙ አለ።»

«ስንደዶ ብያለሁ።»

«ጎበዝ። በል እንግዲህ አንብብልኝ፣ እትዬ።»

አነበብኩላቸው።