ቆጥባ ቆጥባ ጠፋች

የአክስቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ሲሞሸር አጎቴን፣ ጋሼን፣ ከደብረ ብርሃን ይዤ የምወርደው እኔ ሆንኩ። የእሳቸው ናፍጣ ፒካፕ ጋራዥ ገብታለች። ፒካፗ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩ አብሯት ይነሳል። እኔ ደግሞ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና፣ ከገዛሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። ያን ሰሞን "እንዴት ነህ?" ሲሉኝ እንኳ የምመልሰው በሊትር ነበር።

ገና ከከተማ ሳንወጣ፣ ባጃጅ ላሳልፍ ስቆም ሞተሯ ጸጥ አለ።

"ጠፋች!" አሉ ጋሼ።

"አልጠፋችም ጋሼ፣ እየቆጠበች ነው። ስትቆም ሞተሩ ያርፋል።"

"ቆጥባ ቆጥባ እንዳትቀር ብቻ።"

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጊዜዬ መጣ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ባትሪው ይሞላል። ስክሪኑ ላይ የነዳጅ ፍጆታው 0.0 ይላል።

"ያዩታል ጋሼ? ዜሮ!"

መነጽራቸውን አጥልቀው አዩ። "ልጄ፣ ቁልቁለት እኮ ነው። እዚህ ጋ በርሜልም ያለ ነዳጅ ይሄዳል።"

ደብረ ሲና ሳንደርስ ባትሪው ጢም አለ። ከሞላ በኋላ ሌላ አይቀበልም፤ መኪናዋ ራሷን በሞተር ትይዛለች፣ ቤንዚን ሳታቃጥል ትጮሃለች። ይህን ሳስረዳቸው "ስለጠገበች ነው የምትጮኸው?" አሉኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንገባ ማደያው ሰልፍ ነው፣ ፀሐዩም ይጠብሳል። ጌጁ ላይ ሁለት መስመር ቀርቷል። "ቅዳ" አሉ ጋሼ። "ስንመጣ ምን ጠጣች?" ብዬ አለፍኩ።

ሰርጉ ላይ በላን፣ ጨፈርን። ስንመለስ ሁለት አክስቶች፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ግማሽ ጆንያ ማሾና ፓፓያ ተጨመሩ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። በነፃ ያጠራቀምኩት ኤሌክትሪክ ብዙም ሳንርቅ አለቀ። ለነገሩ የእንዲህ ዓይነቷ መኪና ባትሪ የሚይዘው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አያሠራም፤ እኔ ተራራ ልወጣበት ነበር። ሸክሙ ሁሉ ትንሿ ሞተር ላይ ወደቀ። ጌጁ ዓይኔ እያየ ወረደ። አክስቶቼ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ ያወራሉ። እኔ በልቤ ቅዱሳንን እጠራለሁ።

ደብረ ሲና ላይ ጠየቅኩ። ቤንዚን አልቋል፣ ናፍጣ ግን አለ ተባልኩ። ጋሼ ምንም አላሉም። የገደለኝ ዝምታቸው ነው።

ከደብረ ሲና በላይ፣ ጉም መሃል፣ ቆመች። ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። "ማርሽ ሁለት አስገባ፣ እንግፋህ!" አሉኝ። ተገፍታ አትነሳም ስላቸው አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ገረማቸው።

"ከብት እንኳ ሲወድቅ ጭራውን ይዘው ያነሱታል። ይቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት?"

አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቆመልን።

"ናፍጣ ልስጥህ?"

"የቤንዚን ናት።"

"ሃይብሪድ አላልክም እንዴ? ሁለቱንም የምትጠጣ መስሎኝ።"

"በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ነው።"

"እሺ፣ ኤሌክትሪኩስ?"

"አልቋል።"

"ቤንዚኑስ?"

"አልቋል።"

ሾፌሩ ጋሼን አያቸው። ጋሼ ጉሙን አዩ።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። ፒካፗ ለካ ከጋራዥ ወጥታለች። ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እውነቱን ለመናገር፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በባጃጅና በአህያ መሃል ስቆም ስነሳ እንደ እኔዋ መኪና ያለ የለም። ረጅም ዳገት ከነጭነቱ ሲሆን ግን የናፍጣ ጉልበት ሌላ ነው። ይህን ለጋሼ እንዳትነግሩብኝ።

የፒካፗ ድምፅ ከመብራቷ ቀድሞ ደረሰ። የጋሼ ልጅ አምስት ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ይዞልኛል። ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም፤ ዋጋውን ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ቀዳሁና ቁልፉን ተጫንኩ። እሷ እንደሆነ መጀመሪያ ድምፅ የላትም። ሕዝቡ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

"ተነሳች?" አሉ ጋሼ።

"ተነስታለች።"

"ምነው ታዲያ ዝም አለች? አፍራ ነው?"

ሽንኩርቱ ወደ ፒካፗ ተዛወረ። ማሾውም፣ አክስቶቼም። ጋሼ ጋቢና ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"አንተ ከፊት ሂድ" አሉኝ። "ደግሞ እንዳትቆጥብ።"