የኢኮው ቤንዚን

ከኮሮና በፊት ነው። ባሕር ዳር አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ጋይድ ሆኜ እወጣለሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ፈረንጅ የሚበዛበት።

ያን ሰሞን ማናጀራችንን «ኢኮ» የሚሉት ነገር ይዞት ነበር፤ ተፈጥሮን የማይጎዳ ጉዞ ለማለት ነው። ውጭ አገር ኤግዚቢሽን ደርሶ በተመለሰ በሳምንቱ ቃሏን ያልለጠፈባት ፓኬጅ አልቀረችም። የጢስ ዓባይ ጉዞ «ኢኮ ጢስ ዓባይ» ሆነ። መኪናው ያው፣ ምሳው ያው። ዋጋው ብቻ አደገ።

ከሁሉም ጢስ ዓባይን ኢኮ ማለቱ ይገርመኝ ነበር። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። ፏፏቴው በክረምት ይጮኻል፣ በበጋ ይከሳል። ያከሳው ደግሞ ጭስ የለውም ተብሎ የሚመሰገነው ኃይል ነው። ሁለት ኢኮዎች ተጣልተው አንዱ ሲያሸንፍ ማየት የፈለገ በሚያዝያ ጢስ ዓባይ ይሂድ።

እና አንድ የጀርመን ግሩፕ ጻፈልን። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። አስተባባሪያቸው ጡረታ የወጣች መምህርት ነች፤ የፈተና ወረቀት የመሰለ ጥያቄ ነው የላከችው። ሆቴሉ ቆሻሻውን የት ይደፋል? ሠራተኞቹ ከየት ናቸው? ከምንከፍለው ውስጥ ምን ያህሉ እዚያው ይቀራል? ማናጀሩ በጨረፍታ አየውና «ሁሉንም አዎ በል» አለኝ።

«የት ይደፋል» ለሚል ጥያቄ እንዴት ነው አዎ የሚባለው?

እልህ ያዘኝ። ይቺ ሴትዮ የጠየቀችው የምር ነው፣ እኔም የምር እመርጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መምጣቱን አስቀርቼ በኮስተር አመጣኋቸው። ዓባይን ተሻግረው፣ በደጀን፣ ደብረ ማርቆስ አድረው። አየሩም ይተርፋል፣ ብሩም ጎጃም ውስጥ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ጣሪያው ሣር ስለሆነ ብቻ ኢኮ የሚባለውን ሎጅ ተውኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጓሮው ጄኔሬተር ሲያጓራ አውቃለሁ። ተራ ፔንሲዮን ያዝኩላቸው፤ ሠራተኞቹ በሙሉ የሰፈር ልጆች ናቸው። የሃይላንድ ውሃ በካርቶን መጫን ቀርቶ ከትልቅ ጃር እየቀዱ በየኮዳቸው እንዲይዙ አደረግሁ። ለዚህ ሁሉ ማንም አላመሰገነኝም። ልናገረው ብዬ ነው።

ዋናው መዳረሻ ጣና ሐይቅ ውስጥ የገባው የዘጌ ልሳነ ምድር ነበር። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ዘጌ ግን ደኑን ለመጠበቅ ዩኔስኮን አልጠበቀም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ ይባላል። በዘጌ ወግ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ከብት ማርባትም የለም። ለዚህ ነው ዛፉና ቡናው ገዳማቱን ከበው እስከ ዛሬ የቆሙት። ለኢኮ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ማታ ብቻዬን ቢሮ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። «በሐይቁ ላይ ያለ ሞተር፣ በባህላዊ የደንገል ታንኳ።»

ሴትዮዋ መልስ ስትጽፍ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስምራባት መጣች።

ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በታንኳ እንግዳ ይዞ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ አፋፍ እስከምትባለው የዘጌ መንደር በጀልባ፣ ከዚያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በዳር በዳር በታንኳ እንዲሆን አሰብኩ። አስቀድሜ ሄጄ አምስት ባለታንኳዎች አነጋገርኩ። አምስቱንም ለየብቻ ነው የጠየቅኋቸው፤ አምስቱም አንድ ዋጋ ጠሩልኝ። ተማክረዋል ብዬ ተናደድኩ። ተከራክሬ ሲሶውን አስቀነስኩና ጎበዝ ነኝ ብዬ ተመለስኩ።

ማናጀሩ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ጉማሬ አለ፣ ማዕበል አለ፣ አንድ ፈረንጅ ውሃ ውስጥ ቢገባ ቢሮው ይዘጋል። «የሞተር ጀልባው ከኋላ ይከተላቸው» አለ። እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ጠዋት ወደቡ ላይ ካፒቴናችን ጀሪካኑን ይዞ ጠበቀኝ።

«ስንት ሊትር ልያዝ?»

«ጋሼ፣ እንደ ሌላው ጊዜ ነዋ።»

«እንደ ሌላው ጊዜማ አድርሼ ሞተር አጥፍቼ እተኛ ነበር። ዛሬ ታንኳ ኋላ ስንፏቀቅ ልውል ነው። የኢኮውን ቤንዚን ማን ነው የሚሞላው?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ያለ ሞተር ብለን ጽፈናል እኮ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እና እኔ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎ ለክፉ ቀን ነዎት።»

«ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ የለሁም።»

«የሉም።»

«ክፍያው ላይስ?»

«ክፍያው ላይ አሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አለና ሁለተኛ ጀሪካን አነሳ። ከዚያ እንግዶቹን አየት አድርጎ «ካገራቸው የመጡትም በታንኳ ነው?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

ሰልፉን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አምስት ታንኳ ከፊት፤ ሁለት ሁለት ሰው፣ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት። ከኋላ ጀልባው ዱ ዱ ዱ ይላል። ያን ያህል ቀስ ብሎ ሲሄድ ጭሱ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። ወፍ አሳያችኋለሁ ብዬ ነበር፤ የወፍ ድምፅ የሰማ ሰው አልነበረም። ፎቶ ግን አነሳሁ፤ ፎቶው ያምራል። ሁለት ዓመት ሙሉ የብሮሹራችን ሽፋን ነበር። ጀልባውን ከዳር ቆርጬ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ማናጀሩ «እጅህ ይባረክ» ብሎኛል። አሁን እሱ አዲስ አበባ ስለ ዘላቂ ቱሪዝም ሥልጠና ይሰጣል አሉ። ይቅናው።

መምህርቷ ከእኔ ጋር ነበረች፤ የሚቀዝፉልን ደግሞ ከሁሉም በዕድሜ የገፉት አባት ናቸው። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። በሦስተኛው «ያ ጀልባ የእኛ ነው?» አለችኝ።

«በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ይህን ባልኩ በደቂቃው ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነስቶ የምሳውን ቅርጫት ከፍ አደረገና «አንተ! ምሳው እኔ ጋ ነው፣ የት ላራግፈው?» ብሎ ጮኸ። አማርኛ አትችልም። ቅርጫቱን ግን ጠዋት ፔንሲዮኑ በር ላይ አይታዋለች፤ እንዲያውም አንድ ጫፉን ይዛ አግዛኛለች።

ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማስታወሻዋን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

ከታንኳ ወርደን ቡና ስንጠጣ እየጠበቅሁት የነበረው ቁጣ አልመጣም። ሌላ ጥያቄ ነው የመጣው። «እነዚህ ሰዎች እኛ ባንመጣ ኖሮ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?» በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነው። ወደ አባታችን ዞሬ ጠየቅኋቸው።

«እንጨት ነዋ የምንጭነው፣ ልጄ። ባሕር ዳር ወስደን እንሸጣለን።»

አውቀዋለሁ እኮ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ያ እንጨት የሚጭነውና ያ ባህላዊ ታንኳዬ አንድ መሆናቸውን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። የሚያሳፍረው ደግሞ ቀጥሎ የጠየቅኋቸው ነው።

«አንድ ታንኳ እንጨት ስንት ያወጣል?»

ነገሩኝ። ባለፈው አምስቱም የጠሩልኝ ዋጋ ነው። ሳይቀንስ ሳይጨምር።

መምህርቷ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ዛሬ እንጨት አልቆረጥንም ይላሉ» አልኳት። ፊቷ በራ። ይህም ውሸት አይደለም።

«ነገስ ትመጣላችሁ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ነገ እንኳ የለንም፣ አባቴ።»

«እንዲያማ ከሆነ ነገ እንጨት ነው» አሉና ስኒያቸውን መለሱ።

ግሩፑ ሲሸኝ ከደረሰኝ ቲፕ ላይ ከሽማግሌው ያስቀነስኩትን ልዩነት በሰው ላክሁላቸው። የአራቱን አልላክሁም። ኅዳር ነው፣ የቤት ኪራይም አለ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ በሐይቁ ዳር ወደ ቢሮ ስሄድ ታንኳዎች በጭጋጉ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። እንጨቱ ከቀዛፊዎቹ ራስ በላይ ተከምሯል። የውሃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከኋላቸው ሞተር የለም።