ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፦ በጎ ፈቃደኞች ከሄዱ በኋላ

በ2015 ዓ.ም. የበጋ ወራት ወደ ጎጃም የተጓዝሁት፣ ላለፉት ስድሳ ዓመታት በየጊዜው እየመጡ የተመለሱት የውጭ አገር ወጣት በጎ ፈቃደኞች ከሄዱ በኋላ ምን እንደ ቀረ ለማየት ነበር። ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርደን በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ስንሻገር፣ እርዳታ ሁሉ እንዲህ በዓይን የሚታይና በሜትር የሚለካ ቢሆን ሥራዬ ምንኛ በቀለለ ብዬ አሰብሁ፤ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው የተወውን ለማወቅ ግን የተማረውን ሰው ፈልጎ መጠየቅ ግድ ይላል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘኋቸው ጡረታ የወጡ መምህር ለዚህ ጉዳይ ከማንም የተሻሉ ምስክር ሆኑልኝ። በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች የሚልከው የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) የተቋቋመው በፈረንጆች 1961 ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የተላኩት ሦስት መቶ የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች የደረሱት በ1955 ዓ.ም. መባቻ ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው አስተማሩ። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። «እንግሊዝኛውንስ ሕንዶቹም ያስተምሩን ነበር» አሉኝ። «እኛን የገረመን ተማሪ ተነሥቶ ‹ለምን?› ሲል አለመቆጣታቸው ነው። ኋላማ ‹እናንተስ ለምን መጣችሁ?› ብለን እነሱኑ ጠየቅናቸው።» ይህን ብለው ከት ብለው ሳቁ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ በ1960ዎቹ መግቢያ የቬትናምን ጦርነትና አሜሪካ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የምትሰጠውን ድጋፍ የተቃወሙ ተማሪዎች ቁጣቸውን በበጎ ፈቃደኞቹም ላይ አሳርፈዋል፣ ፕሮግራሙም እየሳሳ ሄዶ በደርግ ዘመን በ1969 ዓ.ም. ተዘግቷል። ለምን ብሎ መጠየቅን የለመደ ትውልድ ትተው መሄዳቸው፣ በማንም ሪፖርት ውስጥ ያልታቀደ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከትልልቆቹ ውጤቶቻቸው አንዱ ነው።

ጋሼ ቀጥለው ያነሡትን ግን አልጠበቅሁትም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ስለነበር፣ እሳቸውም ተራቸው ሲደርስ ወሎ ገጠር ወርደው አስተምረዋል። «ፈረንጁ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ እኔ የቆየሁት አንድ ዓመት ነው» አሉ። «ሆኖም ገበሬው ልጁን ለእርሻ ሲያስቀርብኝ ደጁ ሄጄ፣ ማንን ሽማግሌ ይዤ፣ ምን ብዬ እንደምለምነው ዐውቅ ነበር።» ግዴታ የሆነን አገልግሎት በጎ ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ወጣቶች የዘመቱበትን የእድገት በኅብረት ዘመቻንም እንደዚሁ። ቢሆንም መምህሩ ያሉት ነገር እስከ መንገዱ ፍጻሜ አልለቀቀኝም።

ደምበጫን በፍጥነት አልፈን ፍኖተ ሰላም አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ገባን። ከዓመታት በፊት ከባሕር ማዶ ለጥቂት ሳምንታት የመጡ ወጣቶች ሁለት የመማሪያ ክፍሎችን ቀለም ቀብተው፣ በካርቶን የመጡ መጻሕፍትንም አበርክተው ተመልሰዋል። ቀለሙ ተልጧል። መጻሕፍቱ በተቆለፈ መደርደሪያ ውስጥ ናቸው፤ ጥቂቶቹን አውጥቼ ሳገላብጥ ስለ በረዶ ሸርተቴና ስለ ገና አባት የሚተርኩ ሆነው አገኘኋቸው። ለአንዱ ወጣት የአውሮፕላን ትኬት የወጣው ገንዘብ የፍኖተ ሰላምን ቀለም ቀቢ ስንት ክፍል ያሠራው ነበር? እንዲህ ያለው ጉዞ ለተጓዡ ወጣት ትምህርት እንደሚሆን አልክድም፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ብዙ ፋይዳ አላየሁበትም። በአንጻሩ በደርግ ዘመን የተዘጋው ፕሮግራም ዳግም ከተከፈተ ወዲህ የመጣ አንድ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከአንዲት የአካባቢው መምህርት ጋር የጀመረው የእንግሊዝኛ ክበብ፣ እሱ ከሄደም በኋላ ዓርብ ዓርብ ይሰበሰባል፤ መምህርቷ እዚያው ስለቀረች ነው።

ቡሬ ላይ አንዲት እናት ቡና አፍልተው አስተናገዱን። በግቢያቸው አንዲት በጎ ፈቃደኛ ተከራይታ ትኖር ነበር። የሰላም ጓድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ60 በላይ አገሮች ውስጥ የነበሩትን 7,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ሲያስወጣ፣ እሷም ዕቃዋን በወጉ ሳትሰበስብ ሄደች። «እማማ፣ እመለሳለሁ ብላኝ ነበር፤ እስካሁን ትደውላለች» አሉኝ። ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር የጀመረችው የማታ ጥናት ግን በዚያው ሳምንት ቆሟል፤ ሥራውን የሚረከብ ሰው ቀድሞ አልተዘጋጀም ነበርና።

በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ስደርስ፣ በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚጠግኑና ተማሪዎችን የሚያስጠኑ ወጣቶችን አገኘሁ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፣ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ፣ የአፍሪካ ኅብረት ከ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ለአንድ ዓመት ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር በሚልክበት ፕሮግራም ለመወዳደር ማመልከቻ እያዘጋጀ ነበር። ወደፊት ሊሰፋ የሚገባው እንዲህ ያለው መንገድ ይመስለኛል፤ በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው ፈረንጁ፣ ተቀባዩ ደግሞ ሁልጊዜ ሐበሻው የሚሆንበት አሠራር ብዙ ዘመን ቆይቷል። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭት ተነሥቶ መንገዶች ሲዘጉ፣ በጎጃም ማን ሊቀርና ማን ሊሠራ እንደሚችል ይበልጥ ግልጽ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር 2026ን ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት አድርጎ ሰይሞታል፤ ወጣቱ የነገረኝ ቅሬታ በዚያ ዓመት ጉባኤዎች ላይ ቢነሣ እወዳለሁ። ከውጭ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ የወር መተዳደሪያ፣ የቤት ኪራይና የሕክምና ዋስትና አለው፤ አብሮት የሚሠራው የአገሬው ልጅ ግን ለባጃጅ እንኳ ከኪሱ ያወጣል። ወጣቱ የጠየቀው ከፈረንጁ እኩል ደመወዝ አልነበረም፤ ሁለቱ በአንድ ውል ለተመሳሳይ ጊዜ እንዲመደቡ፣ የአገሬውም ልጅ ቢያንስ ምሳውና መጓጓዣው እንዲቻለው፣ ፈረንጁ ሲሄድም ሥራውን በይፋ እንዲረከብ ነው።