ከቁጥር 711 እስከ ኦታዋ

ቺካጎ፣ ዲርቦርን ጎዳና ላይ ቆሜያለሁ። ላየው የመጣሁት ሕንፃ ግን የለም። ዩኒቲ ይባል ነበር። በ1989 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ የገበያ ማዕከል ቆሟል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 ማታ፣ በዚያ ሕንፃ ቁጥር 711 ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ተገናኙ። ሐሳቡ የጠበቃው የፖል ሃሪስ ነበር። ቢሮው የማዕድን መሐንዲሱ የጉስታቭ ሎር። ሌሎቹ የድንጋይ ከሰል ነጋዴው ሲልቬስተር ሺሌና ልብስ ሰፊው ሃይረም ሾሪ ናቸው። ሃሪስ ያደገው ቨርሞንት ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአያቶቹ ጋር ነው። ቺካጎ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ ያጣው ወዳጅ ነው። ሮታሪ የተባለው የበጎ አገልግሎት ክለብ የተወለደው ከዚህ ብቸኝነት ነው። ስሙም የወጣው ስብሰባው በየተራ ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር ነው።

በየተራ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አብራኝ ያለችው የልጅነት ጓደኛዬ ናት። የተዋወቅነው ስካውት ሆነን ነው። አሁን እዚህ ትኖራለች፤ የአንድ ሮታሪ ክለብ ፕሬዚዳንትም ናት። ዘመኗ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጁላይ 1 ሲመጣ ወንበሩን ለሌላ ታስረክባለች። ደንቡ አንድ ዓመት ነው። ጎበዝ ነሽ ተብሎ አይጨመርላትም።

"ክፍሉ እኮ አልጠፋም" አለችኝ። ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት አባላቱ ክፍሉን ነቅለው አስቀምጠውታል። በ1994 ኢቫንስተን በሚገኘው ዋናው መሥሪያ ቤት መልሰው ገጥመውታል። በቀዩ ባቡር ሄደን ሐዋርድ ጣቢያ ላይ ወደ ወይን ጠጁ መስመር ቀየርን። ዴቪስ ላይ ወረድን፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

ጠባብ ቢሮ ናት። ጠረጴዛና ወንበሮች፣ በቃ። እዚያ ቆሜ ለጓደኛዬ የክለቡ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሃሪስ መሆኑን እንደ ዋዛ ነገርኳት። "አይደለም" አለችኝ። "ሺሌ ነው። ሃሪስ ሦስተኛ ነው፤ በ1907።"

ዝም አልኩ። ሐሳቡን ያመነጨው ሰው፣ ሌሎቹን የጠራው ሰው፣ ተራ ጠብቆ ነው የተቀመጠው። የእሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ ክለቡን ከጓደኝነት አልፎ ወደ ከተማው ሰው እንዲያይ ገፋው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ቺካጎ የሕዝብ ሽንት ቤት እንዲኖራት መወትወት ነበር። እኔ ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። ለፎቶ የሚመች ነገር አይደለም፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው ግን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ዝም ያልኩት በሌላም ምክንያት ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዬ አንድ የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ወንበሩን አልለቀቅኩም። ሥራውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ማንም እንዳያውቀው ያደረግኩት ግን እኔው ነበርኩ። ስወጣ ማኅበሩ ዓመት አልቆየም። ምክትሌ ማን ነበረች? ይህችው አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ።

ስካውት ሆነን ይህን ተምረን ነበር። የስካውት መሥራች ባደን ፓወል በ1907 እንግሊዝ ውስጥ ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ለሙከራ ሲያሰፍር በአራት ፓትሮል፣ ማለትም በአራት ትንንሽ ቡድን፣ ከፈላቸው። የእያንዳንዱ ፓትሮል መሪ ራሱ ልጅ ነበር። ትልቅ ሰው ቆሞ ያያል እንጂ በልጁ ቦታ አይሠራም። የአገልግሎት ክለብና የወጣቶች የአመራር ድርጅት አንድ ቤት ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱም መሪነትን በንግግር አያስተምሩም። ሥራ ይሰጡሃል፤ ክፍያ የለውም። ስትለምደው ደግሞ ለሌላው አስረክብ ይሉሃል። ጄሲአይ የተባለው የወጣቶች የአመራር ድርጅትም ከ18 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ብቻ ሲይዝ ያው ነው፤ በሩ ወጣቱን ሲያስገባ ትልቁን ያስወጣል። ሮታሪ በ1962 ኢንተርአክትን፣ በ1968 ሮታርአክትን ለወጣቶች ያቋቋመውም ተረካቢ ስለሚያስፈልገው ይመስለኛል።

ተራው ለሁሉም እኩል ደርሷል ማለቴ ግን አይደለም። ሮታሪ ለአሥርት ዓመታት ሴት አይቀበልም ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዱዋርቴ ክለብ በ1977 ሴቶችን አስገባ፤ ለዚህም ከሮታሪ ተባረረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1987 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋጨ። ሲልቪያ ዊትሎክ በዚያው ዓመት የክለቡ ፕሬዚዳንት ሆነች። ጓደኛዬ ይህን ታሪክ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። እውነቷን ነው። ግማሹን ሰው ከሰልፉ አስወጥቶ ስለ ተራ ማውራት አይቻልም።

በማግስቱ በመኪናዋ ወደ ደቡብ ወጣን። ማውንት ሆፕ የመቃብር ስፍራ ገባን። ሃሪስ በ1947 ሞቶ እዚህ ተቀብሯል። አጠገቡ ሺሌ አለ። ሁለቱን ድንጋዮች አየሁና፣ ለብዙ ዓመት የዞርኩበትን ነገር ተናገርኩ።

"ያኔ ላንቺ መልቀቅ ነበረብኝ።"

ቶሎ አልመለሰችም። "አዎ፣ ነበረብህ" አለች። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ መኪናው ሄደች።

ከዚያ ኦታዋ፤ የካናዳዋ አይደለችም። ከቺካጎ ደቡብ ምዕራብ፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። እዚህ የተቀበረው ዊልያም ቦይስ የቺካጎ አሳታሚ ነበር። ለንደን ውስጥ መንገድ ጠፍቶት አንድ ልጅ እንደመራው ይተረካል። ጉርሻ ቢሰጠው ልጁ አልቀበልም አለ፤ ስካውት ለበጎ ሥራ ገንዘብ አይቀበልም። የታሪኩ ዝርዝር ያከራክራል። ቦይስ ግን ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1910 የአሜሪካን ስካውት በሕግ አስመዘገበ። ከዚያ መምራቱን ለሌሎች ተወ። መቃብሩ ዘንድ የነሐስ ስካውት ሐውልት ቆሟል። የዚያን የለንደን ልጅ ስም ማንም አያውቅም።

ሐውልቱን እያየን ስልኳ ጠራ። ወንበሩን የሚረከበው ወጣት ነው። ከአፏ የሰማሁት ይህን ነው፤ "አይ፣ እኔን አትጠይቀኝ። አንተ ያመንክበትን አድርግ።" ከዚያ ረጅም ዝምታ። "ብትሳሳትስ ምን ችግር አለው? እኔም ተሳስቻለሁ።"

ስልኩን ዘግታ የመኪናውን ቁልፍ ሰጠችኝ። የመልሱን መንገድ እኔ ነዳሁ።