«እልኸኛ» ብዬ የጻፍኩበት ልጅ

በሕፃናት እንክብካቤ ለሚሰጠው አሶሼት ዲግሪ (የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ) የተመዘገብኩት በሕፃናት ማቆያ ሰባት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ቀን ከልጆቹ ጋር እውላለሁ፣ ማታ እማራለሁ። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱን ፈልጌ ነበር፤ ስለ ልጅ አዲስ ነገር የሚነግረኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በተግባር ልምምዱ አንድ ልጅ መርጠን የምልከታ ማስታወሻ እንድንጽፍ ታዘዝን። በክፍላችን በጣም የሚያደክመንን የሦስት ዓመት ልጅ መረጥኩ። «እልኸኛ ነው። ሲጠሩት ሆን ብሎ ዝም ይላል። ዕቃ አንሳ ሲባል አይታዘዝም» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስልኝ «እልኸኛ» እና «ሆን ብሎ» በቀይ ተሰርዘዋል።

«እልኸኝነት ሲታይ ምን ይመስላል?» አለችኝ መምህርቷ።

«ያው እልኸኛ ነዋ! ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አውቀዋለሁ።»

«የምታውቂውን ተይውና ያየሽውን ጻፊልኝ።»

ደሜ ፈላ። እሷ አሥር ልጅ ባንዴ አስተኝታ ታውቃለች? እያልኩ ቤቴ ገባሁ። በዚያው ሳምንት የልጆችን ጨዋታ ስላጠናችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ስለ ሚልድሬድ ፓርተን ተምረን ነበር። ሚልድሬድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት የልጆችን ጨዋታ በስድስት ከፍላዋለች፤ ለዚያም እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ለአንድ ደቂቃ እየተመለከተች ትመዘግብ ነበር። እኔ ያንን ልጅ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብዬ አይቼው አላውቅም። ይህ ትዝ ሲለኝ ቁጣዬ በረድ አለ።

በማግስቱ ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ።

«3:10፦ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎክ ይደረድራል። ረዳቷ ከኋላው ስሙን ጠራች። አልዞረም። 3:14፦ ደግማ ጠራችው። አልዞረም። 3:17፦ ሌሎቹ ዕቃ ማንሳት ጀመሩ። ቀና ብሎ አያቸውና ብሎኮቹን ወደ ሳጥኑ መክተት ጀመረ። 3:21፦ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ በቀስታ ጠራሁት። አፌን እያየ ‹አቤት› አለኝ።»

እየጻፍኩት እንኳ አልገባኝም ነበር። ማታ ሳነበው ነው እጄ የቀዘቀዘው። ዕቃውን ያነሳው ሌሎቹን አይቶ እንጂ ትእዛዙን ሰምቶ አይደለም።

ለክፍሉ ኃላፊ ባሳያት «ሲፈልግ ይሰማል፤ ባለፈው ከኋላው ጠርቼው መጥቷል» አለችኝ። በሽታ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ያየነውን ለወላጅ መንገር ግን የእኛ ነው። ለእናቱ እስኪነገራት ድረስ ወተወትኩ። ጆሮው ሲመረመር ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። በትንንሽ ልጆች የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ተከትሎ ይመጣል፣ ሕመምም ላይኖረው ይችላል። ፈሳሹ ሲጨምርና ሲቀንስ መስማቱም አብሮ ይለዋወጣል። አንዳንድ ቀን የሚሰማን ለዚህ ነበር።

በስብሰባ ላይ ኃላፊዋ «እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ስትል ሰማሁ። ጠርጥራ ከነበረ በልጁ ፋይል ላይ አንድ መስመር በተገኘ ነበር።

እኔን ግን እስካሁን የሚቆረቁረኝ የእናቱ ንግግር ነው። «ቤትም ስጠራው ዝም ሲለኝ እቀጣው ነበር፤ እልኸኛ ሆኗል ስትሉኝ ጊዜ» አለችኝ። ያልኳት እኔ ነኝ። ማታ ልትወስደው ስትመጣ በር ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማውን እያሰርኩለት ነበር የምነግራት። እሱ በመካከላችን ቆሞ ጣቶቼን ያያል።